አይሪስን ስለ መትከልና ስለ መጠበቅ



በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቨርጂንያና የሜሪላንድ ሰፈሮች ቤት ገዝተን ወይም ተከራይተን የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ በደጃችን ያለችውን ጥቂት መሬት ከሣር በቀር ምንም ሳናበቅልባት ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ማየት ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያሳዝነኛል፤ የሚያሳዝነኝም መሬቷ ባዶ መሆኗ ብቻ ሳይሆን፣ አብዛኞቻችን ያደግነው ጓሮው ጌሾና ጤና አዳም፣ ደጁም ጽጌረዳ ከማያጣ ቤት ስለ ሆነ፣ ከእኛ ጋር የተሰደደው የእጃችን ሙያ በሰው አገር ሥራ ፈት ሆኖ መቅረቱን ስለማስብ ነው። ምክንያቱን የጠየቅኋቸው ሰዎች የሚሰጡኝ መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ አበባ ጊዜ ይፈልጋል፣ ውሃ ይፈልጋል፣ በየዓመቱ ችግኝ መግዛት ይፈልጋል፣ እኛ ግን ቀንም ሌሊትም ሥራ ላይ የምንውል ሰዎች ነን ይሉኛል። መልሱ እውነት አለበት። ዳሩ ግን አንድ ጊዜ ተተክሎ ለብዙ ዓመት የሚኖር፣ ከተከለው ሰው ብዙ ውሃም ብዙ ማዳበሪያም የማይጠይቅ፣ ይልቁንም ደግነት ሲበዛበት የሚታመም አንድ ተክል አለ፤ እርሱም አይሪስ ነው፤ ስለ አተካከሉና ስለ አጠባበቁ የማውቀውን ዛሬ ላካፍላችሁ ወድጃለሁ። በንግግሬ ውስጥ ወራቱንና በዓላቱን በአገራችን አቈጣጠር፣ ዓመታቱን ግን በአውሮፓ አቈጣጠር እጠራለሁ።

ስሙን ባታውቁት እንኳ አበባውን ሳታዩት አልቀራችሁም። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ጀምሮ እስከ ግንቦት አጋማሽ፣ በተለይም በግንቦት ልደታ ሰሞን፣ በየመንገዱ ዳር ባሉት አሮጌ ቤቶች አጥር ሥር፣ ቀጥ ብለው ከቆሙ ግራጫ መሰል አረንጓዴ ቅጠሎች መካከል እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ አገዳ አውጥቶ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ጥቁር የሚያደላ ትልቅ አበባ የሚያሳየው እርሱ ነው። ከአበባው ክፍሎች ሦስቱ ወደ ላይ ቀንተው በአናታቸው ይገናኛሉ፤ ሦስቱ ደግሞ ወደ ውጭ ተዘርግተው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በእነዚህም በወራጆቹ አንገት ላይ አጭር ፀጉር ተሰልፎ ስለሚታይ አትክልተኞች ባለጢሙ አይሪስ ይሉታል።

ይህ ጢም ለጌጥ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ንቢቱ በወራጁ ላይ ባረፈች ጊዜ መንገዷን ወደ ውስጥ የሚያመለክታት እርሱ ነው፤ ስትገባም ከራስዋ በላይ የተዘረጋው የእንስቲቱ ክፍል ከንፈር ከሌላ አበባ ያመጣችውን ብናኝ ከጀርባዋ ጠርጎ ይቀበላል፤ ጥቂት ወደ ውስጥ ስትገፋ የዚህኛው አበባ ብናኝ ጀርባዋ ላይ ይረግፋል፤ ወደ ኋላዋ ስትመለስ ግን ያው ከንፈር ይታጠፍና የገዛ ራሱን ብናኝ ሳይቀበል ያሳልፋታል። በሥነ ፍጥረት መጽሐፍ ውስጥ እንደዚህ ያለ ገጽ ሳነብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ፤ በግንቦት ጧት ከአንድ አይሪስ አጠገብ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ሁሉ ደግሞ ይህን ገጽ በዓይኑ ሊያነበው ይችላል።

አይሪስ በሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚበቅል ተክል ነው፤ ከሜዲቴራንያን ባሕር ዳርቻ እስከ ጃፓን፣ ከሳይቤርያ እስከ ሰሜን አሜሪካ ከ250 የሚበልጡ ወገኖች አሉት፤ በአገራችን ግን በዱር አይገኝም። ቤተ ዘመዶቹ ግን አሉን። በደጋው ረግረግ ሜዳ ዝናብ ሲጀምር ሐምራዊ አበባ የሚያወጣው ሞሪያ ሺምፔሪ ከዚሁ ቤተ ሰብ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ረጅም ዘመኑን በአገራችን ዕፅዋትን ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 በዐድዋ ካረፈው ከጀርመናዊው ሊቅ ከቪልሄልም ሺምፐር ነው። ሌላው ዘመድ በአውሮፓና በአሜሪካ የአበባ ነጋዴዎች ዘንድ የአቢሲንያ ግላዲዮለስ የሚባለው፣ ነጭ ሆኖ መካከሉ እንደ ወይን ጠጅ የቀላ፣ መዓዛውም ማታ ማታ የሚበረታው አበባ ነው። ይህን የአገራችንን ልጅ በዚህ አገር ብርዱ ካለፈ በኋላ በግንቦት ብትተክሉት በነሐሴና በመስከረም፣ ማለት በእንቍጣጣሽ ሰሞን ያብብላችኋል፤ በረዶ ግን አይችልምና በጥቅምት መጨረሻ አውጥቶ በቤት ውስጥ ማሳደር ይገባል። አይሪስ በአንጻሩ በረዶውን በሜዳ ያሳልፋል፤ እንዲያውም ያ ብርድ ባይመጣበት ብዙው ባለጢም አይሪስ አበባ አይሰጥም።

የሰው ልጅ ይህን ተክል ማክበር የጀመረው ከጥንት ነው። በግብፅ የነገሠው ቱትሞሲስ ሣልሳዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ከሶርያ ዘመቻ ሲመለስ ያያቸውንና ያመጣቸውን ዕፅዋት በካርናክ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ በድንጋይ አስቀርጿቸዋል፤ ሊቃውንቱም ከእነዚያ ሥዕሎች መካከል አይሪስን ለይተው አግኝተዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ደግሞ ፍላንድራዊው ሠዓሊ ሁጎ ቫን ደር ጉስ ለፖርቲናሪ ቤተ ሰብ የሣለው፣ ዛሬ በፍሎሬንስ የሚገኘው የልደት ሥዕል ከፊቱ በማሰሮ የቆመ ነጭና ሐምራዊ አይሪስ አለው፤ የምዕራብ ሠዓልያን ከእመቤታችን ጋር ይሥሉት የነበረው ቅጠሉ ሰይፍ ስለሚመስል፣ አረጋዊው ስምዖን በቤተ መቅደስ የነገራትን የኀዘን ሰይፍ እንዲያስታውስ ብለው ነው። ፍሎሬንስ ራሷም በአርማዋ ላይ የያዘችው አበባ በልማድ ሱሰን ተብሎ ቢጠራም መልኩ አይሪስ ነው፤ በዙሪያዋ ባሉት ኮረብታዎችም ገበሬዎች የአይሪስን ግንድ እየላጡ ያደርቁትና ለዓመታት ያስቀምጡታል፤ እርጥቡ ሳለ ሽታ የሌለው ይህ ግንድ ሲከርም ጥሩ መዓዛ ያወጣና በብዙ ዋጋ ለሽቶ ሠሪዎች ይሸጣል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የነጩ የየመን አይሪስ ታሪክ ነው። ሊቃውንት አይሪስ አልቢካንስ የሚሉት ይህ ተክል፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ከእኛ ፊት ለፊት ባሉት በየመንና በሳዑዲ ዓረብያ ተራሮች ይበቅላል። መካን ነው፤ ዘር አይሰጥም። ሙስሊሞች በሙታኖቻቸው መቃብር ላይ ይተክሉት ስለ ነበር፣ እነርሱ በሄዱበት አብሮ እየሄደ የሜዲቴራንያንን ባሕር ዞሮ እስከ እስፓንያ ደረሰ፤ እስፓንያውያንም ወደ አሜሪካ አሻገሩት። ዘር የሌለው ተክል ነፋስም ወፍም ሊያደርሰው አይችልምና፣ ዛሬ በመቃብርና በአሮጌ ቤት ደጅ ቆሞ የሚታየው እያንዳንዱ ነጭ አይሪስ አንድ ሰው ቆርጦ ለሌላ ሰው በእጁ የሰጠው ቍራጭ ነው። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ የአይሪስ አጠባበቅ ምሥጢር ሁሉ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ዛሬ በየደጁ የምናየው ትልቅ አበባ ያለው ባለጢም አይሪስ የተገኘው ግን በቅርብ ዘመን ነው። በካምብሪጅ የፊዝዮሎጂ መምህር የነበረው ሰር ማይክል ፎስተር፣ በ1907 እስካረፈበት ድረስ በትርፍ ጊዜው አይሪስ ሲያዳቅል፣ በታናሽ እስያ ይኖሩ ከነበሩ ሚስዮናውያን ግዙፍ አበባ ያላቸውን ወገኖች አስመጣ፤ እነዚህም የአውሮፓዎቹ 24 ክሮሞሶም ሲኖራቸው እነርሱ 48 ያላቸው ስለ ሆኑ፣ ከእነርሱ የተወለዱት በአገዳም በአበባም ከቀድሞዎቹ በለጡ። ከእርሱ በኋላ ዊልያም ዳይክስ የተባለ የትምህርት ቤት መምህር ስለ አይሪስ ወገኖች ሁሉ የሚናገር ታላቅ መጽሐፍ በ1913 አሳተመ፤ የአሜሪካ የአይሪስ ማኅበር በ1920 ተቋቋመ፤ ከ1927 ጀምሮም ለተመረጠ አዲስ አይሪስ የሚሰጠው ከፍተኛው ሽልማት በዳይክስ ስም ይጠራል። ከዚህ ወዲህ የተመዘገቡት ዓይነቶች በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ጠባዩ ልመለስ፤ ጠባዩን ያወቀ ሰው አጠባበቁን ሳይነግሩት ግማሹን ያውቀዋል። የአይሪስ ሕይወት የሚኖረው ከመሬቱ ጋር ተጋድሞ በሚያድገው ወፍራም ግንድ ውስጥ ነው። ሊቃውንቱ ራይዞም የሚሉት ይህ ግንድ ዝንጅብል ይመስላል፤ ከሆዱ ቀጫጭን ሥሮችን ወደ ታች ይሰድዳል፣ ከጫፉም ቅጠሎቹን ያወጣል፤ የዓመቱን ስንቅ የሚያጠራቅመውም በራሱ ውስጥ ነው። አንድ ግንድ በዕድሜው የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ካበበ በኋላ ዳግመኛ አያብብም፤ ነገር ግን ከግራና ከቀኝ ጎኑ ልጆች ያወጣል፤ ልጆቹም ስንቃቸውን ሲሞሉ በተራቸው ያብባሉ፤ እናቲቱም ቀስ በቀስ ትደርቃለች። ስለዚህ አይሪስ ለብዙ ዓመት ይኖራል ስንል ያው አንድ አካል ሳያረጅ ይቆያል ማለታችን አይደለም፤ ልጆቹ እየወጡ፣ እየሰፉ፣ ቦታ እየለወጡ ይኖራሉ ማለታችን ነው። ቦታ ካጡ ግን እርስ በርሳቸው ተጨናንቀው፣ በመካከል ደረቅ የእናቶች ክምር ተከምሮ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት አበባው እየመነመነ ይሄዳል። በብዙ ደጅ ቅጠሉ ብቻ ለምልሞ አበባ የማይታይበት አሮጌ አይሪስ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቱም ተክሉ አርጅቷል ብሎ ይነቅለዋል። ተክሉ ግን ቦታ ጠበበው እንጂ አላረጀም።

ስትተክሉት አስቀድማችሁ ቦታውን ምረጡ። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት መሬት ለዚህ ተክል አይሆንም። ከዚያ ቀጥሎ የሚታየው የውሃው መውረጃ ነው፤ ከጣራ የሚወርድ ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ፣ ወይም በአካፋ ጕድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ብትሞሉት እስከ ማግሥቱ ሳይጠልል የሚያድርበት መሬት ግንዱን ያበሰብሰዋል። የዚህ አካባቢ መሬት በብዙ ሰፈር ቀይ ሸክላ አፈር ስለ ሆነ፣ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ፈንቅላችሁ፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ቀላቅላችሁ፣ መደቡን ከዙሪያው መሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፤ ይህ አንድ ቀን የሚፈጅ ድካም የብዙ ዓመት ሕመም ያስቀራል። ትኩስ ፍግ ግን ከቶ አትጨምሩበት።

የመትከያው ወራት ከሐምሌ 5 ቀን፣ ከጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ጀምሮ እስከ ዘመን መለወጫ ያለው ጊዜ ነው፤ ከዚህም ውስጥ የፍልሰታ ጾም ሰሞን የተመረጠ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ በዚህ አገር ሐምሌና ነሐሴ የዝናብ ሳይሆኑ የሐሩር ወራት ናቸውና፣ በሐሩር የሚተከል ነገር እንዴት ይጸድቃል ይላል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ አይሪስ አበባው ካለፈ ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ ያርፋል፣ አሮጌ ሥሮቹ ይደርቃሉ፣ አዲሶቹ ሊወጡ ይዘጋጃሉ፤ በዚያ ጊዜ የተነሣ ተክል ብዙ አይጎዳም፤ ከተተከለም በኋላ መሬቱ በበረዶ ከመጠንከሩ በፊት ሥር የሚሰድድበት በቂ ጊዜ ያገኛል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ጕድጓዱን ሰፋ አድርጋችሁ ቆፍሩና በመካከሉ ከዚያው ከአፈሩ ጉብታ ሥሩ፤ ግንዱን በጉብታው አናት ላይ አጋድሙት፤ ሥሮቹን ግማሹን ወደ ግራ፣ ግማሹን ወደ ቀኝ አውርዷቸው፤ አፈሩን መልሳችሁ በእጃችሁ ጠበቅ አድርጉት። የግንዱ ጀርባ ግን ከአፈሩ ጋር እኩል ሆኖ ለፀሐይ ይታይ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ዘርን አልብሶ፣ ሥርን ቀብሮ መትከል ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዐት ስለ ሆነ፣ ተክልን ራቁቱን ትቶ መሄድ ለእጃችን ጭካኔ ይመስለዋል፤ ማታም ተመልሰን አፈር እናለብሰዋለን። እባካችሁ አታልብሱት። ጥልቅ የተቀበረ አይሪስ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይም ለዓመታት ያለ አበባ ይኖራል። በአንድ ቦታ ሦስት ቍራጮችን ከአንድ ቀለም ብትተክሉ፣ በመካከላቸው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዉ፤ ግንዱ የሚያድገው ቅጠሉ ባለበት በኩል ነውና፣ ቅጠላቸውን ወደ ውጭ፣ የኋላ ጫፋቸውን እርስ በርስ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው፤ ሲያድጉ አይጋፉም።

በተተከለበት ቀን ውሃ አጠጡት፤ ከዚያም ዝናብ ካልጣለ ለጥቂት ሳምንታት በየሰባት ወይም በየዐሥር ቀኑ ድገሙ፤ አዲስ ቅጠል ካቆጠቈጠ በኋላ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። በዚህ አገር ሁሉ ሰው በየጸደዩ በአበባ መደቡ ላይ የሚከምረው የተፈጨ የእንጨት ቅርፊት ጉዝጓዝ፣ ለሌሎች ተክሎች ቢጠቅምም ለአይሪስ ጠላት ነው፤ እርጥበቱን በግንዱ ላይ ይይዛልና። መሬቱን የሚያጸዱላችሁ ሠራተኞች ካሉ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ማዳበሪያም ቢሆን ናይትሮጅኑ ያነሰ፣ ፎስፎሩ የበለጠ ይሁን፤ በመጋቢት ጥቂት፣ አበባው ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ጥቂት፣ በግንዱ ላይ ሳይሆን በዙሪያው መበተን ይበቃል። ናይትሮጅን የበዛበት አይሪስ ቅጠሉ ይለመልማል፣ ሥጋው ግን ይለሰልስና ለብስባሴ ይዳረጋል። አበባው ሲረግፍ አገዳውን ከሥሩ ቍረጡ፤ አረንጓዴውን ቅጠል ግን አትንኩት፤ የመጪውን ዓመት ስንቅ የሚሰበስበው እርሱ ነውና፣ ለመልክ ብለው ቅጠሉን በሰኔ የሚከረክሙ ሰዎች የመጪውን ግንቦት አበባ እየቈረጡ ነው።

ከጠላቶቹ ሁሉ የከፋው የአይሪስ ቆርቁር ነው። ይህ ትል በሰሜን አሜሪካ የሚገኝ ሲሆን፣ እናቱ የሌሊት እሳት እራት ናት፤ በመስከረምና በጥቅምት እየበረረች በደረቁ የአይሪስ ቅጠሎች ላይ እንቍላሏን ትጥላለች፤ እንቍላሉ ብርዱን በዚያው ያሳልፍና በሚያዝያ ይፈለፈላል፤ ከክር የቀጠነችው ትል በአዲሱ ቅጠል ላይ ወጥታ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ትበሳና ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ቅጠሉን እየበላች እየወረደችም በሰኔና በሐምሌ ግንዱ ውስጥ ትደርሳለች፤ በዚያ ጊዜ ወፍራም፣ ቀላ ያለች፣ እስከ አራትና አምስት ሳንቲ ሜትር የምትረዝም ሆናለች። ግንዱን ቦርቡራ ከጨረሰች በኋላ ወደ አፈሩ ወርዳ ትለወጣለች፤ የሚመጣው መስከረምም እንደ ገና እሳት እራት ሆና ትወጣለች። እንግዲህ ጠላትን ለመውጋት የተመቸው ጊዜ እንቍላል ሳለ ነው። በኅዳር ውርጭ ቅጠሉን ካደረቀው በኋላ ደረቁን ሁሉ ከሥሩ ቈርጣችሁ፣ በከረጢት አስራችሁ ከግቢው አስወጡት። ኅዳር 12 ቀን፣ በ1918 የደረሰውን የኅዳር በሽታ በማሰብ አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ሰብስባ የምታጥንበት ዕለት፣ ለዚህ ሥራ የተገጠመ ቀን ነው፤ በየዓመቱ በዚያ ዕለት የአይሪስ መደቡን የሚያጸዳ ሰው እንቍላሉን ከነቅጠሉ አስወጣ ማለት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል መስመር ካያችሁ፣ ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ከላይ እስከ ታች ጨምቁት፤ ትሏ በውስጡ ትሞታለች። መርዝ መግዛት አያስፈልግም።

ቆርቁር በቀደደው ቀዳዳ፣ ወይም በበዛ እርጥበት ምክንያት የሚገባው ሁለተኛው ሕመም ብስባሴ ነው፤ ከሽታው የተነሣ ሳያዩት ይታወቃል። ግንዱን አውጥታችሁ የበሰበሰውን ክፍል ጠንካራው ነጭ ሥጋ እስኪታይ ድረስ በማንኪያ ወይም በቢላዋ ፍቃችሁ ጣሉት፤ የቀረውን ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ይምታው፤ ከዚያም በሌላ ቦታ ትከሉት። ቢላዋውን ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ስትሄዱ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በተበረዘበት ማጠብ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ሕመሙን በገዛ እጃችን እናስፋፋዋለን። በቅጠሉ ላይ የሚወጣው ቡናማ ነጠብጣብ መልኩን ቢያበላሽም ተክሉን ብዙ አይጎዳም፤ የታመመውን ቅጠል መቍረጥ ይበቃል። በየሰፈሩ የሚዞሩት አጋዘኖች ደግሞ ጽጌረዳችሁን ቢበሉ አይሪሱን ብዙውን ጊዜ አይነኩትም፤ ለዚህ አካባቢ ነዋሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመክፈሉ ሥራ ከሁሉ ይበልጣል። በየሦስት ወይም በየአራት ዓመቱ፣ በዚያው በሐምሌና በነሐሴ፣ ጕንጕኑን በሙሉ በመንሽ ከሥሩ ፈንቅላችሁ አውጡት፤ አፈሩን አራግፉ፤ በመካከል ያሉትን አሮጌዎቹን ቅጠል የለሽ ግንዶች ለዩና ጣሏቸው፤ በዙሪያው ያሉትን ልጆች፣ እያንዳንዳቸው ቅጠልና ሥር ያላቸውን፣ ከእናታቸው በስል ቢላዋ ለዩአቸው። በዚህ ጊዜ ብቻ ቅጠሉን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ከርክሙት፤ ሥር የሌለው ተክል ረጅም ቅጠል ሊመግብ አይችልምና። ቍስሉ በጥላ አንድ ሁለት ቀን ይድረቅና ከዚያ ይተከል። አንድ ግንድ ተክሎ በአራተኛው ዓመት የፈነቀለ ሰው ከመደቡ የሚበልጥ ተክል በእጁ ይዞ ይቆማል። ይህ ነው የአይሪስ ጠባይ፤ ለአንድ ደጅ ብቻ ይዤህ ልኑር ብትለው ይታመማል፣ ከፋፍለህ ብትሰጠው ግን አንተም ዘንድ ሌላውም ዘንድ ይኖራል። የየመኑን መካን አይሪስ እስፓንያ ያደረሰውም ይኸው ነው።

ስለ ጎረቤቶቹ ጥቂት ልናገር። እንደ እርሱ ፀሐይና ደረቅ መሬት የሚወዱትን በአጠገቡ ትከሉ፤ ጦስኝ ይስማማዋል፤ ጤና አዳምም ብርዱን ካለፈ ይስማማዋል፤ ሁለቱም ግን እንዳይጫኑት ራቅ ይበሉ። የአይሪስ ወገን ሁሉ ግን አንድ ጠባይ የለውም። ጢም የሌለው የሳይቤርያው አይሪስ እርጥበት ይወዳል፣ ሥሩም በአፈር ይሸፈናል፤ በአፓላሽያ ተራሮች በዱር የሚበቅለው ድንክ አይሪስ ግማሽ ጥላ ይስማማዋል፤ ከአውሮፓ የመጣውን ቢጫውን የውሃ አይሪስ ግን በወንዝ ወይም በኩሬ አጠገብ አትትከሉት፤ የአሜሪካን ወንዞች ዳርቻ እየወረረ የአገሩን ዕፅዋት አጥፍቷልና። አንድ ዓይነት ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን በቨርጂንያ ይኖር የነበረው ሎይድ ዙርብሪግ በ1982 ያስመዘገበውን፣ ኢሞርታሊቲ የሚባለውን ነጭ አይሪስ እመርጥላችኋለሁ፤ በግንቦት አንድ ጊዜ አብቦ፣ ዓመቱ ከተመቸው በመስከረምና በጥቅምት በልጆቹ ዳግመኛ ያብባል፤ ይህም በቤተ ክርስቲያናችን ማኅሌተ ጽጌ የሚቆምበት ወቅት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ግንዱ ዝንጅብል ይመስላል ብያለሁና፣ የተፈነቀለውን አይሪስ በማድ ቤት ወይም ልጆች በሚደርሱበት ቦታ አታስቀምጡ፤ ቢበላ ያስታውካል፣ ሆድ ያሳምማል፤ ጭማቂውም የአንዳንድ ሰው ቆዳ ስለሚያሳክክ በጓንት ሥሩ።

በመጨረሻ የምለምናችሁ ይህን ነው። በደጃችሁ አሮጌ አይሪስ ያላችሁ፣ ቤቱን ስትገዙ ቀድሞ የነበረው ባለቤት ትቶላችሁ የሄደውም ቢሆን፣ በመጪው ሐምሌ ከጴጥሮስ ወጳውሎስ በኋላ አውጡትና ክፈሉት፤ ለራሳችሁ የሚበቃውን መልሳችሁ ትከሉ፣ የቀረውን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ፣ ወደ ዕድራችሁ ስብሰባ ይዛችሁ ኑና ለሌለው ስጡ። በየቍራጩም ላይ ቀለሙንና የተነሣበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ እሰሩበት፤ የሚቀበለው ሰው ጀርባውን በአፈር እንዳይሸፍነው ደግሞ በቃላችሁ ንገሩት።